አዲስ የስልክ ማዞሪያ ከመግዛታችን በፊት ያሉንን እናገናኝ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የጨረታ ገጾች ላይ የስልክ ማዞሪያ፣ ማለትም የቢሮውን ጥሪዎች ተቀብሎ ወደየውስጥ ስልኩ የሚያከፋፍለውን መሣሪያ፣ ለመግዛት የሚወጡ ማስታወቂያዎችን በየጊዜው እመለከታለሁ። የቢሮ ስልክ መዘርጋትና መጠገን ሥራዬ ስለሆነ ዝርዝራቸውን እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ማዞሪያው ስንት የውጭና ስንት የውስጥ መስመር እንደሚይዝ፣ በስንት ቀን ተተክሎ እንደሚያልቅና ለምን ያህል ጊዜ ዋስትና እንደሚሰጠው በጥንቃቄ ተጽፎ ይገኛል፤ ያው መሥሪያ ቤት በሌላ ሰፈር ወይም በሌላ ከተማ ካለው ማዞሪያ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ግን እምብዛም አይነሣም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አዲስ ማዞሪያ ከመግዛት በፊት ያሉትን ሁለቱን ማገናኘት እንደሚቻል፣ ይህም በአብዛኛው ከገንዘብ ይልቅ ስምምነት የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን ውሳኔ ለሚሰጡ ሰዎች ለማስረዳት ነው።

ችግሩን ባለጉዳይ ሆኖ የደወለ ሁሉ ያውቀዋል። ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ደውሎ ኦፕሬተሯ ስታነሣለት የሚፈልገው ክፍል ወደ ሌላ ሕንፃ መዛወሩ ይነገረዋል፤ ጥሪውን ልታዞርለት ስለማትችል ሌላ ባለ 10 አኃዝ ቁጥር ታነብለታለች፤ እሱም ቁጥሩን ጽፎ እንደገና ከራሱ ሂሳብ ይደውላል፤ እዚያም መስመሩ ተይዞ ያገኘዋል። መስመሩን የያዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ባለጉዳይ አይደለም። የዋናው መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሹም ከቅርንጫፉ የሂሳብ ሠራተኛ ጋር ሲነጋገር ጥሪው ከአንደኛው ማዞሪያ ወጥቶ፣ በሕዝቡ የስልክ መረብ በኩል ዞሮ፣ ወደ ሁለተኛው ማዞሪያ ይገባል። ስለዚህ አንድ የውስጥ ጉዳይ ሁለት የውጭ መስመሮችን ይይዛል፤ አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ። እያንዳንዳቸው 8 የውጭ መስመር ያላቸው ሁለት ቢሮዎች ሠራተኞቻቸው እርስ በርስ በአንድ ጊዜ 4 ጥሪ ቢያደርጉ፣ በሁለቱም በኩል ለሕዝብ የሚቀረው የመስመሩ ግማሽ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱም ጥሪ ሂሳብ ይከፈላል።

ሠራተኛውም መላ ፈልጓል፤ መላው የግል ሞባይል ነው። ኃላፊው ለባለጉዳዩም፣ ለሥራ ባልደረባውም የሚሰጠው የራሱን ቁጥር ነው። ነገሩ ለጊዜው ሥራ ያቀላጥፋል፤ ነገር ግን ያ ሰው ሲዛወር፣ ጡረታ ሲወጣ ወይም ሲታመም ቁጥሩም አብሮት ይሄዳል፤ በእርሱ ቦታ የተተካው ሰው ማን ሲደውል እንደነበር አያውቅም፤ ባለጉዳዩም ከሥራው የለቀቀ ሰው ቤት ድረስ ሲደውል ይኖራል። የቢሮ ስልክ ቁጥር የሰውየው ሳይሆን የወንበሩ መሆን አለበት። ወንበሩ በየትኛውም ሕንፃ ቢቀመጥ ከየትኛውም ጠረጴዛ በአጭር ቁጥር በቀጥታ መገኘት ከቻለ፣ የግል ሞባይሉ ወደ ግል ጉዳዩ ይመለሳል።

ሁለት ማዞሪያዎችን ማገናኘት አዲስ ፈጠራ አይደለም። ቀደም ባለው ጊዜ በሁለቱ መካከል የተከራዩ የመዳብ መስመሮች እየተዘረጉ ይሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ ኢ-1 የሚባለው በሰከንድ 2.048 ሜጋ ቢት የሚያስተላልፍና በአንድ ጊዜ 30 ንግግር የሚይዝ መስመር ተተካ። ዛሬ ደግሞ ድምፁ እንደ ማንኛውም መረጃ በኮምፒውተር መረብ ላይ የሚሄድበት፣ ጥሪውን ለመክፈትና ለመዝጋት ሲፕ የተባለውን የመግባቢያ ሥርዓት የሚጠቀመው መንገድ ተስፋፍቷል። ሲፕ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ወጥቶ በ2002 በተሻሻለው ቅጂ ሥራ ላይ ያለ፣ የማንም ኩባንያ የግል ንብረት ያልሆነ ደረጃ ነው። ስለዚህ አንደኛው ቢሮ የፓናሶኒክ፣ ሌላው የሲስኮ ወይም ነፃ ሶፍትዌር የሆነው የአስተሪስክ ማዞሪያ ቢኖረው፣ ሁለቱም ሲፕን እስካወቁ ድረስ ይግባባሉ። አንደኛው ሲፕን የማያውቅ አሮጌ ማዞሪያ ከሆነም በአጠገቡ ጌትዌይ የሚባል አነስተኛ መሣሪያ በማስቀመጥ የአሮጌውን ምልክት ወደ አዲሱ ማስተርጎም ይቻላል። የጌትዌዩና የማዋቀሪያው ዋጋ ሁለት ማዞሪያ ነቅሎ በአዲስ ከመተካት ወጪ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በጌትዌይ ነገር ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ማዞሪያውና ጌትዌዩ በተራ የአናሎግ መስመር ሲገናኙ፣ አንዱ ወገን ስልኩን መዝጋቱን ሌላው ሳያውቅ መስመሩ ተይዞ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ጠዋት የሠራ ማገናኛ ከሰዓት በኋላ «ሁሉም መስመሮች ተይዘዋል» እያለ የሚያስቸግረው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ማዞሪያው ጥሪ ሲዘጋ የኤሌክትሪክ ምልክት እንዲሰጥ ማድረግ፣ ያ ካልተቻለ ጌትዌዩ የመዝጊያውን ድምፅ ለይቶ እንዲያውቅ በትክክል ማስተካከል ነው። ማዞሪያው የኢ-1 ካርድ የሚቀበል ከሆነ ግን በዚያ መንገድ መሄድ ይህን ጣጣ ከመነሻው ያስቀራል፤ እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው።

ከመሣሪያው ይልቅ ሥራውን የሚያዘገየው የቁጥር ጉዳይ ነው። ሁለቱ ቢሮዎች በየራሳቸው ጊዜ፣ በየራሳቸው ባለሙያ የተደራጁ ስለሆኑ ሁለቱም ከ100 ጀምረው ቆጥረዋል። 101 በዋናው መሥሪያ ቤት የኃላፊው ጸሐፊ ናት፤ በቅርንጫፉም 101 የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ናት። ማዞሪያዎቹ ቢገናኙ እንኳ 101 የደወለ ሰው የትኛዋን እንደፈለገ መለየት አይቻልም። ለዚህ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ወደ ሌላው ቢሮ ለመደወል በፊት አንድ መለያ አኃዝ፣ ለምሳሌ 8ን፣ መጨመር ነው፤ 8101 የደወለ ወደ ማዶው 101 ይደርሳል። ይህ ቶሎ ይሠራል፤ የማንም ቁጥር አይለወጥም። ጉድለቱ ግን አንድ ሰው ሁለት ቁጥር እንዲኖረው ማድረጉ ነው፤ በራሱ ቢሮ 101፣ በማዶ 8101። የጋራ የስልክ ማውጫ ለማተም ሲሞከር፣ ደብዳቤ ላይ ቁጥር ሲጻፍ፣ ሠራተኛ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ሲመላለስ፣ የትኛው ከየት እንደሚደወል ያምታታል። ሦስተኛ ቅርንጫፍ ሲጨመርማ ይብሳል።

ሁለተኛው መንገድ ለሁሉም አንድ ወጥ ባለ 4 አኃዝ ቁጥር መስጠት ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት በ2 የሚጀምሩትን፣ ቅርንጫፉ በ3 የሚጀምሩትን ይወስዳል። የዋናው 101 ወደ 2101፣ የቅርንጫፉ 101 ወደ 3101 ይለወጣል፤ ሰው አዲስ ነገር መያዝ አይጠበቅበትም፤ በለመደው ቁጥር ፊት አንድ አኃዝ ብቻ ይጨምራል። ማዞሪያው የመጀመሪያውን አኃዝ ብቻ አይቶ ጥሪው የት እንደሚሄድ ይወስናል። 4፣ 5 እና 6 ወደፊት ለሚከፈቱ ቅርንጫፎች ይቀመጣሉ። የቀድሞዎቹ ባለ 3 አኃዝ ቁጥሮች በየቢሯቸው ውስጥ ለጥቂት ወራት ጎን ለጎን እንዲሠሩ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን 210 የነበረ አሮጌ ቁጥር ከአዲሱ 2101 ጋር እንዳይጋጭ፣ ማዞሪያው አራተኛውን አኃዝ ጥቂት ሰከንድ እንዲጠብቅ መደረግ አለበት። እኔ ያለማመንታት የምደግፈው ይህን ሁለተኛውን ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ሰው በአንድ ቁጥር መታወቁ ለዓመታት የሚያገለግል ሥርዓት ነውና፣ ለዚህ ሲባል በየጠረጴዛው ያለውን ተለጣፊ ወረቀት መቀየር ብዙ ዋጋ አይደለም።

እዚህ ላይ ነው ስምምነት ያልኩት የሚያስፈልገው። ሁለቱ ቢሮዎች የየራሳቸው አስተዳደር፣ የየራሳቸው የአይሲቲ ክፍል፣ አንዳንድ ጊዜም የየራሳቸው በጀት አላቸው። ቁጥር መለወጥ የሚፈልግ ወገን አይገኝም። ማንም ሳይወስን ቀርቶ የተገዛው ጌትዌይ በካርቶኑ እንደታሸገ መጋዘን ውስጥ የሚቆይበት አጋጣሚ አለ። የቁጥር ዕቅዱን የበላይ ኃላፊው በፊርማ ካላጸደቀው ባለሙያው ብቻውን ምንም ሊያደርግ አይችልም።

ቁጥሮቹ ሲመደቡ በ0 እና በ9 የሚጀምሩትን መተው ግዴታ ነው። በብዙ ቢሮዎቻችን 9 ወይም 0 የውጭ መስመር መጥሪያ ነው፤ በተጨማሪም የፖሊስ 991፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 በ9 ይጀምራሉ። እሳት የተነሣበት ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው መጀመሪያ 9ን ተጭኖ የውጭ መስመር እንዲጠብቅ፣ ከዚያ እንደገና 939 እንዲደውል መጠበቅ አይገባም፤ ቁጥሮቹ ከማንኛውም የውስጥ ስልክ በቀጥታ እንዲሠሩ ማዞሪያው መዋቀር አለበት። ሁለት ቢሮዎች ሲገናኙ ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል። ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ የውጭ ጥሪዎች በሙሉ በዋናው መሥሪያ ቤት በኩል እንዲወጡ ቢደረግ፣ አዳማ ወይም ሐዋሳ ካለው ቅርንጫፍ 991 የደወለ ሠራተኛ የአዲስ አበባ ፖሊስ ሊያነሣለት ይችላል። የአደጋ ጥሪ ምንጊዜም ከተደወለበት ሕንፃ በራሱ የውጭ መስመር መውጣት አለበት። ለዚህም ቅርንጫፉ ከተገናኘ በኋላም ቢሆን ቢያንስ አንድ የራሱ የውጭ መስመር ሊኖረው ይገባል።

ማገናኛው ምን ያህል ጥሪ መያዝ አለበት የሚለው በግምት የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው የሂሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ከመቶ ዓመት በፊት ቀመሩን አስቀምጦልናል፤ የስልክ ጫና መለኪያም በስሙ ኤርላንግ ይባላል፤ 1 ኤርላንግ አንድ መስመር ሙሉ ሰዓት ተይዞ መቆየቱ ነው። ጥሪ በሚበዛበት አንድ ሰዓት ውስጥ በሁለቱ ቢሮዎች መካከል 60 ጥሪዎች ቢደረጉና እያንዳንዱ በአማካይ 3 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ጠቅላላው 180 ደቂቃ ነው፤ ይህም 3 ኤርላንግ ማለት ነው። በቀመሩ ሲሰላ ከመቶ ጥሪ አንዱ እንኳ «ተይዟል» እንዳይባል 8 የድምፅ መንገዶች ይበቃሉ። ጂ.711 በሚባለው፣ ድምፁን ሳያጨምቅ በሚልከው ስልት፣ አንድ ንግግር ድምፁ ተቆራርሶ ከሚላክባቸው እሽጎች (ፓኬቶች) ማሸጊያ ጋር በየአቅጣጫው በሰከንድ 87 ኪሎ ቢት ገደማ ይፈልጋል፤ 8ቱ ወደ 700 ኪሎ ቢት ይጠጋሉ። ጂ.729 በሚባለው አጭማቂ ስልት ግን አንዱ ንግግር 31 ኪሎ ቢት ገደማ ስለሚበቃው 8ቱ በ250 ኪሎ ቢት አካባቢ ይስተናገዳሉ። ሁለት ቢሮዎችን ለኢሜይልና ለሂሳብ ሥርዓት የሚያገናኝ መስመር ካለ ይህ አቅም አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ አለ። የወረዳኔት መረብ የደረሳቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም የቪዲዮ ስብሰባ የሚያካሂዱበትን መስመር ለዚህ ማዋል ስለመቻላቸው መረቡን የሚያስተዳድረውን አካል መጠየቅ ይችላሉ።

አቅሙ መኖሩ ግን ብቻውን አይበቃም። ድምፅ ከሌላው መረጃ የሚለየው መዘግየትን ባለመታገሡ ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክረ ሐሳብ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊ ሰከንድ የማይበልጥ መዘግየትን ለአብዛኛው ንግግር ተስማሚ አድርጎ ያስቀምጣል። አንድ ሠራተኛ ትልቅ ፋይል በሚልክበት ሰዓት የስልኩ ድምፅ እንዳይቆራረጥ፣ በሁለቱም ጫፍ ያሉት፣ መረጃውን በመረቡ ላይ የሚመሩት ራውተሮች የድምፅ ፓኬት ቅድሚያ እንዲያገኝ መዋቀር አለባቸው። ቅርንጫፉ የሚገናኘው ከምድር አንፃር ባለበት በሚቆም (ጂኦስቴሽነሪ) ሳተላይት ከሆነ ምልክቱ ከምድር በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ወጥቶ ስለሚመለስ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደ 240 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል፤ መነጋገር ይቻላል፣ ነገር ግን ተነጋጋሪዎቹ አንዱ የሌላውን ቃል እየተሻሙ እንደሚቸገሩ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። አጭማቂው ስልት በተመረጠበት ቦታ ደግሞ «ለእንዲህ ያለ አገልግሎት 1ን ይጫኑ» በሚለው መልእክት ላይ የሚጫኑት አኃዞች ድምፃቸው ተበላሽቶ እንዳይደርስ ከንግግሩ ተለይተው እንዲላኩ ማድረግ ይገባል።

የደዋዩ ቁጥር በተቀባዩ ስልክ ላይ በትክክል መታየቱን ብዙዎች ይረሱታል። ከቅርንጫፉ 3101 ሲደወል በዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ ላይ 3101 ተብሎ መነበብ አለበት፤ የማገናኛው መስመር ቁጥር ወይም አሮጌው 101 ቢታይ መልሶ የደወለው ሰው ወደ ሌላ ሰው ይደርሳል። ከዚህ ጋር የሚሄደው ሌላው ጉዳይ የማዞሪያዎቹ እርስ በርስ መወራወር ነው። አንደኛው የማያውቀውን ቁጥር ሁሉ ወደ ማዶ እንዲልክ፣ ማዶውም የማያውቀውን ሁሉ መልሶ እንዲልክ ከተዋቀሩ፣ ባልተመደበ ቁጥር የተደወለ አንድ ጥሪ በመካከላቸው እየተመላለሰ ያሉትን መንገዶች በሙሉ ይይዛል። እያንዳንዱ ማዞሪያ የራሱ ክልል የሆነውን ቁጥር በፍጹም ወደ ሌላው እንዳይልክ፣ ቁጥሩ ከሌለም «የለም» ብሎ እዚያው እንዲዘጋ መደረግ አለበት።

ስለ ደኅንነቱ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ማዞሪያውን በግልጽ ኢንተርኔት ላይ አውጥቶ፣ ከፋብሪካ በመጣበት የይለፍ ቃል ትቶ ማገናኘት የመሥሪያ ቤቱን ካዝና ከፍቶ እንደመሄድ ነው። በመላው ዓለም እንዲህ ያሉ ማዞሪያዎችን ሌት ተቀን የሚያስሱ ፕሮግራሞች አሉ፤ ባገኙት ማዞሪያ በኩል ሌሊቱንና ቅዳሜና እሑዱን ወደ ውድ የውጭ አገር ቁጥሮች ይደውላሉ፤ ሂሳቡ የሚመጣው ግን ለመሥሪያ ቤቱ ነው። ስለዚህ ማገናኛው በተከራየ የግል መስመር ወይም በተመሰጠረ የቪፒኤን መንገድ ውስጥ ይሂድ፤ እያንዳንዱ ማዞሪያ ጥሪ የሚቀበለው ከማዶው አድራሻ ብቻ ይሁን፤ በማገናኛው የመጣ ጥሪም ወደ ውጭ አገር እንዳይወጣ ይታገድ። ከሕግ አንፃርም መሥሪያ ቤቶች ጥንቃቄ ቢያደርጉ ተገቢ ነው። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት አማካይነት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን የሚያስቀጣ ድንጋጌ ይዞ ስለወጣ፣ ብዙ የሥራ ኃላፊዎች የድምፅና የኢንተርኔት ስም አብሮ ሲነሣ ከነጭራሹ ይሸሻሉ። በእኔ አስተያየት አንድ ተቋም የራሱን ሁለት ቢሮዎች የውስጥ ጥሪ በሕጋዊ ውል በተከራየው መስመር ማገናኘቱና ለሦስተኛ ወገን የጥሪ አገልግሎት መሸጥ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ይሁንና በእኔ አስተያየት ላይ ተመሥርቶ ማንም እንዲሠራ አልፈልግም፤ የተቋሙ የሕግ ክፍል አይቶት፣ የመስመሩ አቅራቢ በውሉ አረጋግጦት፣ ጥርጣሬ ካለም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በጽሑፍ ተጠይቆ ቢጀመር ሁሉም በሰላም ይሠራል።

መብራት ሲጠፋስ? አሮጌው የአናሎግ ስልክ ኃይል የሚያገኘው ከማዞሪያው ባትሪ ስለነበር መብራት ቢጠፋም ይሠራ ነበር። በኮምፒውተር መረብ የሚሠራው አዲሱ የአይፒ ስልክ ግን ኃይሉን የመረቡን ገመዶች ከሚያገናኘው መሣሪያ፣ ከኔትወርክ ስዊች፣ ይወስዳል። ማዞሪያው ባትሪ ኖሮት ስዊቹና ራውተሩ ከሌላቸው ማገናኛው ዋጋ የለውም፤ ሦስቱም መብራት ሲጠፋ ከባትሪ ኃይል በሚሰጥ አንድ መሣሪያ (ዩፒኤስ) ሥር መግባት አለባቸው። መስመሩ ራሱ ሲቋረጥም ማዞሪያው ጥሪውን ራሱ በሕዝቡ የስልክ መረብ በኩል ወደ ማዶው ባለ 10 አኃዝ ቁጥር እንዲያዞር ማድረግ ይቻላል፤ ደዋዩ ልዩነቱ አይታወቀውም፣ ጥሪው ሂሳብ ቢያስከፍልም ሥራ አይቆምም።

ኦፕሬተሮች በዚህ ምክንያት ሥራቸው የሚቀርባቸው የሚመስላቸው አሉ፤ ጭንቀታቸው ይገባኛል። እኔ የማየው ግን ተቃራኒውን ነው። ዛሬ የቀናቸው ከፊል የሚያልቀው ሊያዞሩት የማይችሉትን ጥሪ ይቅርታ እየጠየቁ በመመለስ ነው። ማዞሪያዎቹ ሲገናኙ የባለጉዳዩን ጥሪ በቀጥታ ወደ ማዶ ያዞሩታል፤ የማይነሣ ከሆነ መልሰው ይቀበሉታል። የትኛው ክፍል የት እንዳለ፣ ማን በማን ቦታ እንደተተካ ከእነርሱ በተሻለ የሚያውቅ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስለሌለ የጋራ የስልክ ማውጫውን የማዘጋጀትና በየወሩ የማደስ ኃላፊነት በይፋ ሊሰጣቸው፣ ለዚህም ደመወዛቸውና የሥራ መደባቸው ሊታይላቸው ይገባል።

ስለዚህ ጨረታ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶች በዝርዝራቸው ውስጥ እነዚህን እንዲያካትቱ በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ። የሚገዛው ወይም የሚገናኘው ማዞሪያ ሲፕን ወይም ኢ-1ን የሚያውቅ መሆኑ፣ አቅራቢው ከሌላ ኩባንያ ማዞሪያ ጋር የማገናኘት ግዴታ እንዳለበት፣ የቁጥር ዕቅዱ ከውሉ ጋር ተያይዞ መቅረቡ፣ የማዋቀሪያው የይለፍ ቃልና ሙሉ ሰነድ ለመሥሪያ ቤቱ መሰጠቱ ተጽፎ ይቀመጥ። የመጨረሻው ክፍያም ከሙከራ በፊት አይፈጸም። ሙከራው ከባድ አይደለም፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት ወደ ቅርንጫፉ በ4 አኃዝ ይደወል፣ የደዋዩ ቁጥር ይታይ፤ ከውጭ የገባ ጥሪ ወደ ማዶ ይዞር፣ ከዚያም ይመለስ፤ ያልተመደበ ቁጥር ይደወል፤ ለአደጋ ጥሪ አገልግሎቱ አስቀድሞ በማሳወቅ 991 ከቅርንጫፉ ተደውሎ የት እንደሚደርስ ይረጋገጥ፤ ከዚያ የማገናኛው ገመድ ይነቀልና ጥሪው በሕዝቡ መረብ በኩል መሄዱ ይታይ፤ በመጨረሻም መብራቱ ይጥፋ። ሙከራው ሲካሄድ የሁለቱም ቢሮዎች ኦፕሬተሮች በቦታው ይገኙ፤ የርክክብ ሰነዱ ላይም እነርሱ ይፈርሙበት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የቢሮ ስልክ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ